ውኃ ሥር ያለው መድረክ

ለንደን ብሪጅ ከባቡር ወርጄ ወደ ፓርክ ስትሪት በእግሬ አዘገምኩ። ቴምዝ ዳር ግሎብ ቲያትር ፊት ለፊት ሰው ተኮልኩሎ ፎቶ ይነሳል። እኔ የመጣሁት ግን እዚያው ሰፈር፣ ቢሮ ሕንፃ ሥር ለተደበቀው ሮዝ ለሚባል ጥንታዊ ቲያትር ቤት ነው።

ሮዝን ፊሊፕ ሄንስሎው የሚባል ነጋዴ በ1587 አሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1989 ሕንፃ ሊሠራ ሲቆፈር መሠረቱ ብቅ አለ። ተዋናዮች ሳይቀሩ ይትረፍ ብለው ሰልፍ ወጡለት። ሕንፃው ከላዩ ተሠራ፤ ፍርስራሹ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ አሸዋና ውኃ ለበሰ። ስገባ ያየሁት ጨለማ፣ የረጋ ውኃ፣ የቲያትር ቤቱን ቅርጽ የሚያሳይ ቀይ መብራት። ብርዱ አይጣል ነው። ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘጋሁ።

የቶማስ ኪድ «የስፔን ትራጄዲ» በ1592 የታየው እዚህ ነው። ነገሩ ደም መመለስ ነው፤ ለኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ሂየሮኒሞ ዳኛ ነው። ሌሊት ጩኸት ሰምቶ በመኝታ ልብሱ ሲወጣ፣ አትክልቱ ውስጥ የተሰቀለ ሰው ያገኛል። ገመዱን ቆርጦ ሲያወርደው የገዛ ልጁ! የሰውን ሁሉ አቤቱታ ሲሰማ የኖረ ሰው የራሱን የሚሰማለት አጣ። ገዳዮቹ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸዋ። በመጨረሻ ለነገሥታቱ ቲያትር አዘጋጅቶ ገዳዮቹን ራሳቸውን ያስተውናቸዋል። ጩቤው የእውነት ነው። ንጉሡ ግን ትወና መስሎት ያደንቃል። እኔን የሚያንዘፈዝፈኝ ከደሙ ይልቅ ይሄ አድናቆት ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ሐምሌትን ያነበበ ሰው መንፈሱንም፣ ቲያትር ውስጥ ያለውንም ቲያትር እዚህ ቀድሞ ያገኘዋል።

እዚህ መታየቱን የምናውቀው ከሄንስሎው የሒሳብ ደብተር ነው። የባለሱቅ መዝገብ በሉት፦ ቲያትሩ በባለታሪኩ ስም «ጀሮኒሞ» ተብሎ፣ ጎኑ የቀኑ ገቢ በሺሊንግ። በ1601 ደግሞ ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን ጽሑፉ ላይ እንዲጨምርበት ተከፍሎታል። ኪድ ያኔ ሞቷል፤ በ1593 ታስሮ ተሠቃይቶ፣ በዓመቱ አረፈ። መጽሐፉ የታተመው ያለ ስሙ ነው። የእሱ መሆኑን ያወቅነው ሌላው ጸሐፌ ተውኔት ቶማስ ሄይውድ በ1612 እግረ መንገዱን ስላነሳው ነው። ቲያትሩም ለረጅም ዘመን ከትልልቅ መድረኮች ጠፍቶ ቆይቶ፣ ናሽናል ቲያትር በ1982 አሳየው።

«ልጁ የተሰቀለው የት ጋ ይሆን?» አልኳት አስጎብኚዋን።

ሳቀች። «ከቀዩ መብራት ውስጥ ደስ ያለሽን ቦታ ምረጪ።»

የግራውን ጥግ መረጥኩ።