ኮመንቱን በጽሑፍ ይስጡኝ

ግንባታ ፈቃድ ለምትመላለሱ፣ በተለይ ገና ተመርቃችሁ የቢሮ ድሮዊንግ ተሸክማችሁ ክፍለ ከተማ ለምትላኩ ልጆች ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈውታል ግን አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። የክፍለ ከተማውን ስም አልጠራም፣ ሰውየውንም አልጠራም።

2009 ሰኔ አካባቢ ነው። ቢሯችን ትንሽ ኮንሰልታንት ነበር፣ እኔ አርክቴክቸራሉን እሠራለሁ፣ ፈቃድ ማስጨረሱም በኔ ላይ ነው። ደንበኛችን ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ካርታው በስማቸው እስኪዞር ራሱ ብዙ ተንገላተዋል። ቦታው አስፋልት ዳር ነው፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ ጂ ፕላስ 2 ነው የፈለጉት፣ በሱቁ ኪራይ ልጆቻቸውን ሊያስተምሩ። ብሩ ባንክ ተቀምጧል፣ ፈቃዱ እንደወጣ ፌሮ ሊገዙ ነው። እቅዱ ይሄው ነው፣ የተንዛዛ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ስናስገባ ገምጋሚው ድሮዊንጉን ቆሞ ነው ያየው። ገለጥ ገለጥ አደረገና "ፓርኪንግ አነሰ" አለ። ከጎን በኩል በሴትባኩ (ከድንበሩ ክፍት በሚተወው ቦታ) ውስጥ ፓርኪንግ አሳይተናል፣ ቆጥሬም አስረዳሁት፣ "አነሰ አልኩሽ" አለ በቃ። ቢሮ ተመልሰን አንዱን ሱቅ አጥፍተን ፓርኪንግ አደረግነው። እትዬ አንድ ሱቅ ጠፋባቸው ማለት ነው፣ የአንድ ሱቅ ኪራይ። እንደገና በኤ 1 ፕሪንት፣ እንደገና ማህተም፣ እንደገና ወረፋ። ከዚያ ደግሞ ሴፕቲክ ታንኩ ለጎረቤት አጥር ቀርቧል አለ፣ እሱ እውነት ሊሆን ይችላል ብለን አራቅነው። እሱን ይዘን ስንመለስ ደግሞ ሌላ። ሁሉም በአፍ ነው። ወረቀት ላይ አንድ መስመር አልጻፈም፣ እርሳስ እንኳን አላስነካም። ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ገባ።

በመሃል ከቢሮው ፊት ለፊት ያለች ቡና ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጉዳይ ገዳይ አለ፣ እትዬን አግኝቶ "እማማ ይሄ እኮ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፣ ለምን ይንከራተታሉ" ብሏቸው። ነገሩኝ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታቸው ድሮዊንግም ገብቶ ነበር፣ የሱ ወጥቶ መሠረት እየቆፈረ ነው። እትዬ አላዘዙኝም፣ አልተቆጡኝምም፣ ዝም ብለው "የሱ እንዴት ወጣ ልጄ?" ነው ያሉኝ። ምን ልበላቸው?

እና ያ ቀን መጣ። ያን ቀን እትዬም አብረውኝ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ሰውየው ኤሌቬሽኑን (የሕንፃውን የውጭ ገጽታ የሚያሳየውን ድሮዊንግ) አየና "ይሄ ከ12 ሜትር በላይ ነው፣ ምድብ ሐ ነው፣ እንደ ምድብ ለ አይስተናገድም" አለ።

ለማያውቅ ሰው፣ ያኔ በነበረው የሕንፃ አዋጅ፣ በ624/2001 ማለት ነው፣ ሕንፃዎች ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው ይከፈሉ ነበር። ከመሬት ተለክቶ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ወደ ሐ ይገባ ነበር። ለ ሆኖ መግባትና ሐ ሆኖ መግባት ደግሞ አንድ አልነበረም፣ የሚጠየቀው ሰነድም የሚፈርመው ባለሙያም ይለያይ ነበር፣ ወጪውም እንደዚያው። የኛ ሕንፃ ምድር ቤቱ 3.60 ነው ለሱቅ ብለን፣ ላዩ ሁለቱ ፎቅ 3 ሜትር 3 ሜትር፣ ጣሪያና ፓራፔት (ጣሪያው ዙሪያ ከፍ የሚለው ግንብ) 1.30፣ ድምሩ 10.90። በአስፋልት በኩል ማለት ነው። ግን ቦታው ተዳፋት ነው፣ ከኋላ 2 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ከለካኸው 12.90 ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የሠራ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ስንቱ ያገኛል? ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ከየት ነው የሚለካው? ከመንገዱ ነው፣ ከዝቅተኛው ነው፣ ከአማካዩ ነው? ቢሮው አቋም ካለው ይንገረንና በዚያ እንሥራ። ይሄን ሕንፃውን ከነመሬቱ ቆርጦ የሚያሳየው ሴክሽን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር፣ የተፈጥሮ መሬቱ መስመር ተስሎበት። ሰኔ ላይ ማየት ይችል ነበር።

እኔም አልኩት፣ "ኢንጂነር፣ እሺ፣ ይሄን ኮመንት በጽሑፍ ይስጡኝ።"

"ምን አልሽ?"

"በጽሑፍ። እስካሁን ያሉኝንም አንድ ላይ። በማህተም።"

ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያናድደኝ፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እህቴ፣ እኔ እኮ ልርዳሽ ብዬ ነው በቃል የምነግርሽ። በጽሑፍ ከሆነ ይከብዳል።"

"ይክበደኝ" አልኩት።

"አንቺን አይደለም የሚከብድሽ" አለና በአገጩ ወደ እትዬ አሳየኝ። "እሳቸውን ነው።"

ጆሮዬ ጋለ። ያኔ አዋጁ ፕላን ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ ለአመልካቹ በጽሑፍ ይገለጻል ነበር የሚለው፣ ቅር ያለው ሰው ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ቦርድ ነበር፣ ይሄን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ግን ወረቀት ሳይኖር በምኑ ላይ ነው ይግባኝ የሚባለው? ሰውየው በአፉ ያለውን ነገ አላልኩም ቢል ምን ይዤ ልቁም? ይሄን ልለው ስል እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና "ተይ ልጄ፣ ተይ፣ አታስቀይሚው" አሉኝ በሹክሹክታ። እሱም ሰማቸው። ፈገግ አለ። እኚህ ሴት የገዛ ቦታቸው ላይ፣ በገዛ ብራቸው፣ ሕጋዊ በሆነ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰው ናቸው፣ እና ሰውየው እንዳይቀየማቸው ይፈራሉ። እኔን የሰበረኝ እሱ ነው። ስለ 12 ሜትሩ ምናምን አይደለም።

ድሮዊንጉን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቢሮ እንደደረስኩ ለጋሼ፣ ለአለቃዬ፣ ነገርኩት። ጋሼ ጥሩ ሰው ነው ግን ሌላም ፕሮጀክት እዚያው ክፍለ ከተማ ስላለው አመነታ፣ "እስቲ ትንሽ እንታገስ" አለ። ያን ቀን ከጋሼ ጋር ተከራከርን፣ ስንከራከር አመሸን። መጨረሻ ላይ "በቢሮው ስም አይሆንም፣ የቦታው ባለቤት እትዬ ከጻፉ ግን ማርቀቅ ትችያለሽ" አለኝ። አረቀቅኩት፣ ግማሽ ገጽ ናት። የቦታው አድራሻ፣ የገባበት ቀን፣ በቃል የተሰጡን አስተያየቶች፣ እና "ቀሪ አስተያየቶች ካሉ ተጠቃለው በጽሑፍ እንዲሰጡን"። ስድብ የለ፣ ክስ የለ። እትዬ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈረሙ።

መዝገብ ቤት ገቢ ላስደርግ ስሄድ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝና ቀስ ብላ "ግልባጭ ለኃላፊው በይበት" አለችኝ። ግልባጭ አላልኩም ነበር። እዚያው በብዕር ጨመርኩበት፣ ገቢ ቁጥር መታችልኝ፣ የኔን ኮፒም መታችልኝ። ለዚያች ልጅ እስከዛሬ ነው የማመሰግናት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነበር ለማለት ነው፣ ሁሉም አንድ አይደለም፣ ሁሉንም አንድ አድርገን ስንሰድብ እንደ እሷ ያሉትን ነው የምንበድለው።

መልሱ መጣ። በደብዳቤ፣ በማህተም፣ አራት ነጥብ። ከፍታው ከዝቅተኛው የተፈጥሮ መሬት ተለክቶ ከ12 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ የደረጃው ስፋት፣ እና የሳኒተሪው ባለሙያ የታደሰ ፈቃድ ኮፒ። ሁለቱን በቃል አንድም ቀን አንስቷቸው አያውቅም። ፓርኪንግ የሚባል ነገር ግን የለም! ገልብጬ አየሁት፣ ከጀርባ አለ ወይ ብዬ። የለም። አንድ ሱቅ ያጠፋንበት፣ ስንት ፕሪንት ያቃጠልንበት ፓርኪንግ፣ ሊጽፉት ሲሉ ምክንያት አልተገኘለትም።

ከፍታውን በግማሽ ቀን ጨረስነው። ምድር ቤቱን ከ3.60 ወደ 3.30 አወረድነው፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገን ከነፓራፔቱ 70 ሳንቲ ሜትር ቀነስን፣ 12.90 የነበረው 11.90 መጣ። በግማሽ ቀን! ሰኔ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍልን ኖሮ ሐምሌ ላይ ፌሮ ተገዝቶ ነበር።

ሱቁስ? ጋሼ "ተይው፣ ፓርኪንጉ ይሁን፣ ደሞ ሌላ ነገር እንዳያመጣ" አለ። እኔ ደግሞ ደብዳቤው አራት ነገር ነው የጠየቀን፣ አራቱን እንመልስ፣ ያልተጠየቀውን በፍርሃት አንሠራም አልኩ። እትዬ ናቸው የወሰኑት፣ "ሱቄን መልሺልኝ" አሉ። መለስኩት፣ ከመሸኛ ደብዳቤው ላይም በግልጽ ጻፍነው፣ አልደበቅንም። አለፈ። አንድም ሰው ቃል አልተናገረም።

ፈቃዱ ሲወጣ ግን ጥቅምት 2010 አልፏል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ብሩን በ15 በመቶ ዝቅ እንዳደረገው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ እዚህ አገር የሚሠራው ፌሮ እንኳ ቢሌቱ (ፌሮ የሚሠራበት ጥሬ ብረት) በአብዛኛው ከውጭ ነበር የሚገባው፣ ስለዚህ የብር መውረድ መጀመሪያ የሚሰማው ብረት ላይ ነው። እትዬ ይዘውት የነበረው ብር ለጂ ፕላስ 2 አልበቃም። ጂ ፕላስ 1 ላይ ቆሙ፣ የኮለኑ ፌሮ ከላይ ወጥቶ እንደቀረ ስላብ ሞልተው ገቡበት። ጎረቤትየው ብረቱን ከመጨመሩ በፊት ገዝቶ ነበር፣ ጨረሰ። ቦታው ያው ተዳፋት ነው፣ ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት የሱ ከሳቸው ይረዝማል። የሱን ከየት እንደለኩት አላውቅም።

ታዲያ ሁሌ ለጁኒየሮች በጽሑፍ ተቀበሉ ስል አንዳንዱ "ግን ያኔ ማን ተጠቀመ?" ይለኛል። ልክ ነው፣ ጥያቄው ይገባኛል። ሱቁ በወረቀት ነው የተመለሰው፣ አሁንም እየተከራየ ነው፣ ልጆቹም ተምረውበታል። አንዱ ፎቅ ደግሞ ወረቀት እስክናገኝ ባለፈው ጊዜ ነው የሄደው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ደብቄ ሌላውን ብቻ ልነግራቸው አልፈልግም። ግን ያንን ጊዜ የበላው ወረቀት መጠየቃችን አይደለም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በአፍ መመላለሳችን ነው፣ በዚህ ማንም አያሳምነኝም። ዛሬ አንድ ገምጋሚ "ይሄ አይሆንም" ሲለኝ በመጀመሪያው ቀን ነው የምጠይቀው፣ በትህትና፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

በቅርቡ እትዬ ደወሉልኝ። ሁለተኛውን ፎቅ ሊቀጥሉ ነው። የድሮው ፈቃድ ጊዜው አልፏል፣ እንደ አዲስ ነው የሚጠየቀው፣ ለዓመታት ዝናብ የመታው የኮለን ፌሮም መታየት አለበት፣ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ያ ቡና ቤት የሚቀመጠው ሰውዬ አሁንም አለ እንዴ?" አሉኝ።

"ቢኖርም እኛ በደብዳቤ ነው የምንሄደው እትዬ" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ፣ በደብዳቤ እንሂድ። ብረቱን ግን ነገ ነው የምገዛው።"