ከደብሊን በቀጥታ፦ ተረት ተረት!

የመጀመሪያዋን ምሽት አልረሳትም። ለአዲስ አበባ ልጆች የአየርላንድን ተረት በአማርኛ ልነግር ቲክቶክ ላይቭ ገባሁ፤ 30 ሰው ያህል መጣ። የሊርን ልጆች አፈ ታሪክ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ቀና ስል 6 ሰው ቀርቷል።

ታሪኩ ምን ወጣለት! ኢፋ የምትባል የእንጀራ እናት በቅናት ተነሳስታ የሊርን ልጆች፣ ፊኑላንና ሦስት ወንድሞቿን፣ ወደ ስዋን ወፍነት ትለውጣቸዋለች። 300 ዓመት በደራቫራ ሐይቅ፣ 300 በአየርላንድና በስኮትላንድ መካከል ባለው በሞይል ባሕር፣ 300 ደግሞ በምዕራቡ ጠረፍ ይንከራተታሉ። የሰው አንደበታቸውና ዜማቸው ብቻ አብሯቸው ይቀራል። «የእንጀራ እናት» ስል ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም። ጥፋቱ የንባቤ ነበር።

ሻናኪ የሚባሉት የድሮ አየርላንዳውያን ተራኪዎች በረጅሙ የብርድ ወራት እሳት ዳር ተቀምጠው በቃል ነበር የሚያወሩት። እኔም ወረቀቱን ተውኩት። ሦስቱን ውኃዎችና መጨረሻ ላይ የምትሰማውን ደወል በቅደም ተከተል ያዝኩ፤ ሌላውን በራሴ አፍ ሞላሁት። እዚህ ደብሊን ፓርኔል አደባባይ ባለው የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ፣ ልጆቹ ወደ ወፍ ሲለወጡ የሚያሳይ፣ ቀራጺው ኦሺን ኬሊ የሠራው ሐውልት አለ። ሄጄ ፊቱ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቅጽበት በችኮላ አላልፋትም።

ያስቸገረኝ «ስዋን» ነው። መጀመሪያ «ዝይ» አልኩ። አንዲት እናት «ዝይ ምኑ ያምራል?» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሳይመሽ ስልኬን ይዤ ግራንድ ካናል ወደሚባለው የውኃ ቦይ ዳር ወረድኩ። ነጫጮቹ ወፎች አንገታቸውን ቀልሰው ሲንሳፈፉ ምንም ሳልናገር አሳየኋቸው። በቃ፣ ቃሉ ገባቸው።

የስሞቹን አጻጻፍም አትመኑ። በሌላ የአየርላንድ አፈ ታሪክ፣ ጀግናውን ኦሺንን ማርጀት ወደሌለበት ምድር፣ ወደ ቲር ና ኖግ የወሰደችው ልጅ በላቲን ፊደል ስትጻፍ «ኒያምህ» ትመስላለች፤ የምትጠራው ግን «ኒቭ» ተብላ ነው። አየርላንዳዊት ጎረቤቴ ትጠራልኛለች፣ እኔ በፊደላችን እጽፋለሁ።

ሰዓት ደግሞ ጉድ ሠርቶኛል። የምገባው በደብሊን ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። በማርች የመጨረሻ እሑድ እዚህ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ተገፋ። ልጆቹ እንደለመዱት 2 ሰዓት ላይ ሲገቡ እኔ እየተሰናበትኩ ነው። በጣም አዘንኩ። አሁን የማስታውቀው በአዲስ አበባ ሰዓት ብቻ ነው።

ድምፃቸውን ለመስማት ብዬ ወደ ዙም ዞርኩ። «ተረት ተረት!» ስል «የላም በረት!» ከየቤቱ አንዱ ከሌላው ዘግይቶ ይመጣል። ሁሉም እስኪደርስ እጠብቃለሁ።

መጨረሻውን ግን አላለዝብም። ደወሉ ሲሰማ ልጆቹ ሰው ይሆናሉ፤ ግን 900 ዓመት የተጫናቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ይሞታሉ። «ለልጆች ይከብዳል፣ ቀይረው» ያሉኝ አሉ። አልቀየርኩም። ቶሎ አልዘጋም እንጂ፤ ማይኩን ክፍት አድርጌ እቆያለሁ።

ባለፈው አንድ ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ ባሕሩ ላይ አልበረዳቸውም?» አለኝ። በርዷቸዋል አልኩት። በሞይል ባሕር ውርጩ ከድንጋዩ ጋር ሲያጣብቃቸው፣ ፊኑላ ሁለቱን ወንድሞቿን በክንፎቿ ሥር፣ አንዱን በደረቷ ላባ ሥር ታቅፋቸው ነበር።

«እሷን ክፍል ድገማት» አለኝ።

ደገምኳት።