ፊልሙ የጣለው፣ መጽሐፉ ያስቀረው

ከፊልም ተነስቶ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። «ፊልሙን አይቼው የለ እንዴ፣ መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። እኔ ግን እነዚህን መጻሕፍት ከልቤ እወዳቸዋለሁ፣ በተለይ የግዙፍ አውሬ ታሪክ ሲሆኑ።

የግዙፉን ጎሪላ ታሪክ፣ ኪንግ ኮንግን እንውሰድ። ፊልሙ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 1933 ነው፤ መጽሐፉ ግን በ1932 መጨረሻ ላይ ወጥቷል። አዎ፣ መጽሐፉ ቀድሟል! የጻፈው ዴሎስ ላቭሌስ ያለቀለትን ፊልም አይቶ ሳይሆን ከስክሪፕቱ ተነስቶ ነው የሠራው። ለዚህም ነው መርከቧ እንኳ በፊልሙ ቬንቸር፣ በመጽሐፉ ደግሞ ዋንደረር የምትባለው።

እኔን የያዘኝ ግን የገደሉ ትዕይንት ነው። መርከበኞቹ በግንድ ላይ ገደል ሲሻገሩ ኮንግ ይመጣና ግንዱን እያነቃነቀ አንድ በአንድ ያራግፋቸዋል። በፊልሙ ወደቁ፣ አለቀ። መጀመሪያ ሲቀረጽ ግን ገደሉ ሥር ግዙፍ ሸረሪትና ሌሎች አስፈሪ ፍጥረታት ይጠብቋቸው ነበር፤ ከፊልሙ ዳይሬክተሮች አንዱ ሜሪያን ኩፐር የታሪኩን ፍጥነት ይገታል ብሎ ቆርጦ አወጣው፣ የተቆረጠውም ፊልም እስከዛሬ አልተገኘም። መጽሐፉ ውስጥ ግን ሸረሪቱ አለ። ያንን ገጽ ሳነብ የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር፤ ጠፋ የተባለ ነገር እጄ ላይ ያገኘሁ ያህል።

በሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ የሚቀሰቀሰው የጃፓኑ ግዙፍ ጭራቅ ጎድዚላም የራሱ ልብ ወለድ አለው። ለ1954ቱ ፊልም መነሻ ታሪኩን የጻፈው ሺጌሩ ካያማ ራሱ በ1955 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በእንግሊዝኛ የወጣው ግን ገና በ2023 ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን መቆየቱ ያሳዝናል። ከታሪኩ ጀርባ እውነተኛ ቁስል አለ። በዚያው በ1954 ማርች 1 ቀን አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የቢኪኒ ደሴት ላይ ባፈነዳችው የሃይድሮጅን ቦምብ 23 የጃፓን ዓሣ አጥማጆች በጨረር ተመርዘዋል። ይህን ይዞ ለሚያነብ ሰው ጎድዚላ ተራ ጭራቅ አይሆንበትም።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሚደክሙበት ቦታም አለ። ሕንፃ ፈረሰ፣ ባቡር ተገለበጠ፣ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ፈረሰ እየተባለ ሲሄድ ይሰለቻል፤ እሱን ፊልም ይሻለዋል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ከአውሬው በፊት ያለውን ዝምታ ይጽፋል። 50 ሜትር የሚያህል ፍጡር እየመጣ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ግን ገና ምንነቱን ሳያውቅ የመሬቱን መንቀጥቀጥ ብቻ የሚያዳምጥበትን ሰዓት። እዚያ ላይ አውሬውን የምትሠሩት እናንተው ናችሁ፣ በራሳችሁ ፍርሃት ልክ።

ለመጀመር ያሰበ ካለ በኮንግ ይጀምር። ፊልሙን ግንዱ ላይ ሲደርስ ያቁመውና መጽሐፉን ይግለጥ።