ከቦርዱ ዓይን የተሰወረው ሒሳብ

የሕዝብ ጣቢያ በነጋዴ እጅ ወደቀ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ባለሀብት ስልክ አንሥቶ ዜና ሲያስቆም ነው። እንዲህ ያለው ይደርሳል፤ ግን ዜናው የታገደበት ጋዜጠኛ ስለሚያውቀው ውሎ አድሮ መውጣቱ አይቀርም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድምፅ ሳያሰማ የሚገባው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ በምን ይመዘናል? የሽያጭ ክፍሉ ምን ያህል ለብቻው ይንቀሳቀሳል? የትኛው ሒሳብ ነው ቦርዱ ፊት ሳይቀርብ የሚያልፈው?

በዚህ ረገድ ከአየርላንዱ የሕዝብ ጣቢያ ከአርቲኢ የበለጠ የሚያስተምር ጉዳይ አላውቅም። ጣቢያው በሁለት ኪስ ነው የሚኖረው፤ አንዱ እያንዳንዱ ቤት በዓመት 160 ዩሮ የሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ፣ ሌላው ማስታወቂያ። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ጣቢያው ራሱ እንዳመነው፣ ከ2017 እስከ 2022 ድረስ ለዋናው የውይይት ፕሮግራም አቅራቢ ይከፈላል ተብሎ ለሕዝብ የተነገረው ገንዘብ ከእውነተኛው በ345,000 ዩሮ ያንስ ነበር። ነገሩ ብልጭ ያለው በመደበኛ ኦዲት ወቅት ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የፕሮግራሙ ስፖንሰር ለአቅራቢው በዓመት 75,000 ዩሮ እንዲከፍል፣ አቅራቢው ደግሞ በስፖንሰሩ ዝግጅቶች ላይ እንዲገኝ ውል ተገባ። ጣቢያው ለክፍያው ዋስ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ስፖንሰሩ ከፈለ፤ ነገር ግን ጣቢያው ያንኑ ያህል ከዕዳው ላይ በሚቀንስ ሰነድ (ክሬዲት ኖት) መለሰለት። ስለዚህ ገንዘቡ ከስፖንሰሩ የወጣ ቢመስልም የወጣው ከሕዝቡ ጣቢያ ነው። የቀሩትን ሁለት ክፍያዎች ጣቢያው ራሱ ከፈለ፤ በደረሰኙ ላይ ግን «የማማከር አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ።

የተከፈለው የት ከተቀመጠ ገንዘብ ነው? ከዓይነት ልውውጥ ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ከማስታወቂያ ሽያጭ ውጭ ያለ ሰው እምብዛም ስለማያውቀው ላብራራው። ጣቢያው ያልተሸጠ የአየር ሰዓት ለአንድ አገናኝ ድርጅት ይሰጣል። ድርጅቱ ሰዓቱን ለአስተዋዋቂዎች ያስተላልፋል፤ ለጣቢያው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ዱቤ ይመዘግብለታል። ጣቢያው በዱቤው ሆቴል፣ የስታዲየም ትኬት፣ የእንግዳ ግብዣ ይገዛል። በአርቲኢ ጉዳይ አገናኙ ከሰዓቱ ዋጋ 35 በመቶ ያህል ኮሚሽን ይቆርጥ ነበር። እንግዲህ 75,000 ለማውጣት 115,000 ገደማ ዋጋ ያለው የአየር ሰዓት ይሄዳል፤ ሁለቱ ክፍያዎች 150,000 ሲሆኑ ጣቢያውን ያስወጡት ግን 230,000 ዩሮ ገደማ ነው። ከዚሁ ሒሳብ ለበጋ ግብዣ 200 ጥንድ ነጠላ ጫማ በ5,000 ዩሮ ገደማ ተገዝቷል። ሕዝቡን ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ያንገበገበው ይህ ጫማ ነበር፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ዋና ዳይሬክተሯ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ብዙ ቤተሰብም የፈቃድ ክፍያውን መክፈል አቆመ። ጉድለቱን ለመሸፈን መንግሥት እጁን መዘርጋት ነበረበት። ይህ ደግሞ በራሱ ሌላ ጥገኝነት ነው።

አመራሩን ያሳሳተው ክፋት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የልውውጥ ሒሳብ የሽያጭ ክፍሉ «የደንበኛ ማስተናገጃ» ስለሚባል የፋይናንስ ክፍሉ አይጠይቀውም፤ ፋይናንስ ያልጠየቀውን ቦርዱ አያየውም።

ሁለተኛው ስሕተት ለአመራሩ ሁለት ጌታ መስጠት ነው። ቴሌቪዥን ኒውዚላንድ ከ2003 እስከ 2011 የሕዝብ አገልግሎት ቻርተር ነበረው፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ገቢው ከማስታወቂያ ሲሆን ለመንግሥት የትርፍ ድርሻ እንዲያስገባም ይጠበቅበት ነበር። ትርፍ በየሩብ ዓመቱ ይቆጠራል፤ የሕጻናት ፕሮግራም ጥራት አይቆጠርም። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ወደሚቆጠረው ያዘነብላል።

በደቡብ አፍሪካ የሆነው ከዚህም ይከፋል። የሀገሪቱ የሕዝብ ጣቢያ ኤስኤቢሲ በ2013 ከግል የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅቱ መልቲቾይስ ጋር ከግማሽ ቢሊዮን ራንድ በላይ የሚያወጣ ውል ፈረመ። ውሉ ስለ ቻናል አቅርቦት ቢሆንም፣ የሕዝቡ ጣቢያ የዲጂታል ስርጭቱ ሳይመሰጠር፣ ማለትም ያለ መክፈቻ ኮድ ሊታይ በሚችል መልኩ እንዲተላለፍ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረበት። ይህ መልቲቾይስ አጥብቆ ይሟገትለት የነበረ የፖሊሲ አቋም ነው። ገንዘብ ያጠረው አመራር ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን አቋምም ሊሸጥ እንደሚችል ያሳያል።

የሚሠራ ገደብ አለ ወይ? ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ናት። የሕዝብ ጣቢያዎቿ ኤአርዲና ዜድዲኤፍ በዋና ቻናላቸው ማስታወቂያ የሚያስተላልፉት በሥራ ቀን በአማካይ 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ እሑድና በብሔራዊ በዓላት ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። የምሽቱ ዋና ሰዓት ለሽያጭ ካልቀረበ፣ አመራሩ በዚያ ሰዓት የሚተላለፈውን ሲመርጥ አስተዋዋቂን አያስብም። ስፔን በ2010 ከሕዝብ ጣቢያዋ ከአርቲቪኢ ማስታወቂያን ስታነሣ በግል ጣቢያዎችና በቴሌኮም ድርጅቶች ላይ መዋጮ ጥላ ነው፤ ምትክ ገንዘብ ሳይዘጋጅ ማስታወቂያ ማገድ ጣቢያውን ለበጀት ሰጪው አሳልፎ መስጠት ነው።

የጣቢያ ዓመታዊ ሪፖርት እጅዎ ከገባ በመጀመሪያ የልውውጥ ሒሳብ ተብሎ ለብቻው የተመዘገበ መስመር ይፈልጉ። ከሌለ ልውውጥ የለም ማለት አይደለም፤ በሌላ መስመር ውስጥ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ ጉርሻ ከገቢ ጋር ታስሮ እንደሆነ ያጣሩ። የቦርድ አባላት የጥቅም መዝገብ መቼ እንደታደሰም ይመልከቱ፤ ሹመት ሲሰጥ ብቻ ተሞልቶ የቀረ መዝገብ ዋጋ የለውም። የቦርድ አባል ከሆኑ ደግሞ በየወሩ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀርቡ፤ አንዱ የስርጭት ክፍሉ ያስተላለፈው የማስታወቂያ ደቂቃ፣ ሌላው ገንዘብ የተከፈለበት ደቂቃ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለማን፣ በማን ፊርማና በምን ምትክ እንደሄደ ይጠይቁ።