ባሊቦን በድምፅ ሰው ጆሮ

ቀረጻ ላይ የድምፅ ሰው ከሆንክ አንድ ነገር ትለምዳለህ፤ ስምህን ማንም አያስታውሰውም። የሪፖርተሩ ፊት ይታያል፣ ካሜራማኑ «እኔ ነኝ የቀረጽኩት» ይላል፣ አንተ ማይክህን ይዘህ ከፍሬም ውጪ ትቆማለህ። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም «ባሊቦ» የተሰኘውን ፊልም ሳይ ዓይኔ ቶኒ ስቱዋርት ላይ የቀረው። የድምፅ ባለሙያ ነበር። ሲገደል ዕድሜው 21። (ለሙያዬ አዳልቻለሁ፣ ቻሉኝ።)

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአውስትራሊያ ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሮበርት ኮኖሊ። ታሪኩ የሆነ ነው። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ምሥራቅ ቲሞር ከፖርቱጋል ልትላቀቅ ዳር ዳር ስትል፣ ኢንዶኔዥያ ልትውጣት አሰፍስፋለች። «እኛ የለንበትም» እያለች ወታደሮቿን ድንበር ታሻግራለች። ይህን በካሜራ ለመያዝ ሁለት ተፎካካሪ ጣቢያዎች ሰው ላኩ። ከሜልቦርኑ ቻናል ሰቨን ግሬግ ሻክልተን፣ ጋሪ ካኒንግሃምና ስቱዋርት፤ ከሲድኒው ቻናል ናይን ማልኮም ሬኒና ብራያን ፒተርስ። ከድንበሩ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሊቦ አንድ ላይ ሆኑ።

ያደሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ሻክልተን «አውስትራሊያ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ፣ ባንዲራም ሣለበት። ከለላ ይሆነናል ብሎ ተስፋ ማድረጉን ራሱ ካሜራ ፊት ተናግሯል። ፊልሙ ይህን ሳያጋንን ነው የሚያሳየው። ልጆቹ ይቀልዳሉ፣ ይነታረካሉ፣ ጀብደኛም ናቸው። ጀግና ተደርገው አለመቀረጻቸውን ወደድኩት። ኦክቶበር 16 ጠዋት ጥቃቱ ተጀመረ፤ አምስቱም ተገደሉ። ኢንዶኔዥያ በተኩስ ልውውጥ መሃል ገብተው ነው የሞቱት አለች።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ንግግር አለ። ሻክልተን አንዲት መንደር ውስጥ ሰዎቹ የጠየቁትን ለካሜራ ይነግራል፤ ለምን አውስትራሊያ አትረዳንም? ለምን ፖርቱጋል አትረዳንም? እሱም አውስትራሊያ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት እንድታነሳ መጠየቅ እንችላለን ብሎ መመለሱን ይናገራል። ዋናው ቀረጻ ዛሬም አለ፣ ፊልሙ ያንኑ ደግሞ ሠርቶታል። ስሰማው ያሰብኩት የሥራዬን ነገር ነው። ያ ድምፅ እዚያ የተቀዳው አንድ ሰው የድምፁን መጠን እያየ አጠገቡ ስለቆመ ነው። ያኔ ከዚያ በሳተላይት መላክ የለ ምን የለ። የፊልሙ ጥቅል በአካል ወጥቶ ካልታጠበ ማንም አያየውም። ስለዚህ ቀረጻን ማስቆም የፈለገ ሰው ቀራጮቹን መግደል ይበቃው ነበር።

የፊልሙ ዋና ሰው ግን ከአምስቱ አንዱ አይደለም። ሮጀር ኢስት ነው፤ አንቶኒ ላፓሊያ ይጫወተዋል። ሃምሳዎቹን የያዘ፣ የሰለቸው ጋዜጠኛ። የቲሞር ነፃነት ንቅናቄ ሰው የሆነው የ25 ዓመቱ ጆዜ ራሞስ ሆርታ መጥቶ «ዋና ከተማችን ዲሊ ና፣ የዜና አገልግሎት አቋቁምልን» ይለዋል። ሆርታን የሚጫወተው ኦስካር አይዛክ ነው፤ ያኔ ገና ብዙም አይታወቅም ነበር። ሁለቱ ወደ ባሊቦ የሚያደርጉት ጉዞ ለድራማው የተበጀ መሆኑ ያስታውቃል፤ ባሊቦ ያን ጊዜ በኢንዶኔዥያ እጅ ነበረች።

ይሁን፣ ያለዚያ ጉዞ ጠባቸው አይመጣም ነበር። ኢስት አምስቱን ይፈልጋል፣ ሆርታ ደግሞ ይነድዳል። ሕዝቤ እየረገፈ አንተ የምትጠይቀው ስለ አምስት ነጮች ነው! ለእኔ ፊልሙ ይህ ነው። ምክንያቱም ክሱ ፊልሙንም ራሱን ይነካል። ምሥራቅ ቲሞር ውስጥ በተቀረጸው በዚህ የመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ፊልም ውስጥ እንኳ መሪ ገጸ ባሕርዩ አውስትራሊያዊ ነው። የቲሞር የእውነት ኮሚሽን ከግጭቱ ጋር የተያያዘውን ሞት ቢያንስ 102,800 ብሎ ገምቶታል። ኮኖሊ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ታሪኩን በቲሞራዊት ሴት ምስክርነት ያሰረው ለዚያ ይመስለኛል። እሷ ግን ሲበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው ያገኘችው። እኔ ብሆን ኢስትን ቀንሼ እሷን እጨምር ነበር።

ኢስት ከዲሊ ውጣ ሲባል እምቢ አለ። ሙሉው ወረራ ዲሴምበር 7 ገባ፣ በማግስቱ ወደብ ላይ ረሸኑት። ያንን ትዕይንት ማታ ማታ ባታዩት ይሻላል።

በ2007 የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የሞት መርማሪ ችሎት አምስቱ ሆን ተብሎ እንደተገደሉ ደመደመ። ጥቃቱን ከመሩት አንዱ ብሎ የጠቀሰው ካፒቴን ዩኑስ ዮስፊያ በኋላ የኢንዶኔዥያ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኗል፤ በእሱ ዘመን ነው ፕሬሱ የተፈታው! ልብ ወለድ ላይ ብጽፈው አርታኢዬ ይሰርዘው ነበር። ሰውዬው ክሱን አይቀበልም። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስም ምርመራ ከፍቶ፣ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ በ2014 ዘጋው።

ፊልሙ በ2009 መጨረሻ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታገደ። የአገሩ ነፃ ጋዜጠኞች ማኅበር ግን እገዳውን ከምንም ሳይቆጥር አሳየው። በዚያው ዲሴምበር 2009፣ ባሊቦ የነበረ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል «ቴምፖ» ለተባለው መጽሔት የተገደሉት ወረራው እንዳይጋለጥ ሆን ተብሎ ነው ብሎ ተናገረ። የተናገረው ለራሱ አገር ጋዜጠኞች ነው።