ጭቃው ከላይ ነበር

መራዊ አጠገብ፣ የቆጋ መስኖ ከሚያጠጣው መሬት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የግል እርሻ ውስጥ የፓምፕና የሞተር ጥገና እሠራለሁ። እርሻው ባለ አራት እግር ሞተር አለችው። ክረምት ላይ ባለ ሁለቷ ሞተር ጭቃው ላይ ትንሸራተታለች፤ ፒክአፑ ደግሞ በቦዩ ጠርዝ አያልፍም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ነው። የሚነዷት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ በኋላ ፍሬን ብቻ ቀስ እያሉ ቤቴ ድረስ ይዘዋት መጡ። የፊቱ ፍሬን እጀታ ሲጨመቅ እስከ መሪው ይገባል። ጥገና ክፍል ያለው ልጅ በዚያው ሳምንት ሸራ ቀይሮላት ነበር። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑትን ሁለቱንም ካሊፐሮች ፈትቶ፣ ጭቃቸውን አጥቦ ነው የገጠማቸው። ፍሬኑ የለሰለሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጁን ስደውልለት፣ «የፍሬኑ ፓምፕ ነው የሞተው፣ ጎሚኒው ተበልቷል» አለኝ። እጀታው ሲጨመቅ ዘይቱን ወደ ካሊፐሮቹ የሚገፋውን ነው፤ ጎሚኒው ውስጡ ዘይቱን የሚያሽገው ላስቲክ ነው። ከአዲስ አበባ አዲስ ፓምፕ ይምጣ ተብሎም ታዟል።

ጋሼ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። «ዘይቱ ፈልቶ ነው» አሉኝ። የት እንዳዩት አውቃለሁ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በከባድ ማርሽ ይወረዳል እንጂ ፍሬን ላይ ተኝተው አይወርዱትም። ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። እግር ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ይብሳል፣ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ የማልነካው ለዚህ ነው።

ብቻ የፈላ ዘይት ሲበርድ ፍሬኑ ይመለሳል። የእኛዋ ጠዋት ገና ሳትነሣም ለስላሳ ናት። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፣ አልተስማሙም።

ፓምፑንም ሞከርኩት። እጀታውን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። ጎሚኒው ቢያልቅ ኖሮ እጄ ላይ ቀስ እያለ ይሰምጥ ነበር። አልሰመጠም፣ እንደ ላስቲክ መልሶ ይገፋኛል። ውስጡ አየር አለ ማለት ነው።

አየሩን ለማውጣት ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ አስመጣሁ። ግልጽ ስለሆነ አረፋው ይታያል፣ ጫፉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ደግሞ ይለጠጣል። አንዱን ጫፍ ካሊፐሩ ላይ ያለችው የአየር ማውጫ ብሎን ላይ ሰካሁ፣ ሌላውን ትንሽ ዘይት ያለበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ነከርኩ። ጋሼ እጀታው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ።

«ይጫኑ።»

«ይዣለሁ።»

ብሎኗን ፈታ አደርጋለሁ፣ ዘይት ይወጣል፣ እዘጋለሁ። «ይልቀቁ።» ከመዘጋቱ በፊት ከተለቀቀ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ቶሎ ቶሎ መጫንም አይረዳም፣ አየሩን አረፋ ያደርገዋል። እላይ ያለው የዘይት ዕቃም ባዶ እንዳይሆን መጨመር አለ። ጋሼ ከፕላስቲኩ መልሰው ሊሞሉ ፈለጉ፣ «ንጹሕ ነው እኮ!» እያሉ። እምቢ አልኳቸው። የወጣ ዘይት አይመለስም።

ቀኝም ግራም ቱቦው ውስጥ አንዲት አረፋ አልታየችም። ዘይቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል። እጀታው ግን ያው ነው። አዲሱ ጠርሙስ ሊያልቅ ደረሰ። ልጁ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ጋሼ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወርደው ጎማው ሥር ቁጢጥ አሉ።

«አንት፣ ይቺ ኮፍያ ከመቼ ወዲህ ነው ወደ ታች የዞረች?»

«የቷ ኮፍያ?»

«ይቺ ጥቁር ላስቲክ። እኔ ማታ ማታ ጭቃ ስጠርግላት ከላይ ነበረች። ጭቃው እላይዋ ላይ ነበር የሚቆለለው።»

የአየር ማውጫዋን ጫፍ የምትሸፍነዋን ነው የሚሉት። ሌላኛውን ጎን አየሁ፣ እሱም ወደ ታች ነው። ልጁ ሲገጥም የቀኙን ካሊፐር ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አድርጎታል። ሁለቱም ልክክ ብለው ይገጥማሉ፣ ሸራውም ዲስኩን ይይዛል። አየሩ ግን ካሊፐሩ ውስጥ ከላይ ይሰበሰባል፣ እኛ ከታች እንቀዳለን። ጥርት ያለው ዘይት ይወርዳል፣ አየሩ እዚያው ነው። እንደዚያ ሆኖ እስከ ፋሲካ ብንጫነውም አይወጣም።

ፈትተን አቀያየርናቸው። የፍሬኑ የዘይት ቱቦ ካሊፐሩ ላይ የሚታሰርበት የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ቢሆን ይመረጣል፣ ግን ቅዳሜ ማታ ከየት ይመጣል? የድሮዎቹን ከሰል ላይ አግዬ አቀዘቀዝኳቸው። መዳብ አንዴ ሲግል ይለሰልሳል፣ እንደገና ያሽጋል። እስከ ሰኞ ለማቆየት በቂ ነው፣ ሰኞ አዲስ ገባ።

በመጀመሪያው ጭመቃ የግሉኮሱ ቱቦ ውስጥ ጣት የሚያህል አየር መጣ። ጋሼ ከላይ ሆነው «መጣ?» ይላሉ። መጣ። ከዚያ እጀታው ደረቀ። ታንከሩ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ውሃ አፈሰስኩበት፣ አለዚያ ቀለሙን ይልጠዋል። ግቢ ውስጥ በዝግታ፣ ከዚያ በር ላይ ያለችው ቁልቁለት ላይ ሞከርናት። ቀጥ ብላ ቆመች።

ሰኞ የልጁን ደመወዝ እንቁረጥ የሚል ነገር ተነሣ። እኔ አልደገፍኩም። ሁለቱም ጎን የሚገጥም ዕቃ ምልክት ሳይደረግበት ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ አብሮ ከገባ፣ ማንም ያምታታዋል። አሁን ግራው ላይ አንድ፣ ቀኙ ላይ ሁለት ነጥብ በብረት መትተናል። ቀለም ያላደረግነው የፍሬን ዘይት ስለሚበላው ነው። የታዘዘው ፓምፕም ተሰረዘ።

ጋሼ ደግሞ አዲስ ልማድ አመጡ። ልጁ ሞተሯን ሊፈታ ሲል በርጩማ ስበው አጠገቡ ቁጭ ይላሉ። ልጁ አልወደደውም።