ኮይሉ አልተቃጠለም፤ ችግሩ ስፒናው ላይ ነው

አሶሳ አካባቢ ብረታ ብረት ሲያገኝ በሚጮህ ማሽን ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ማሽኑ ያለምክንያት መጮህ ሲጀምር በቅድሚያ አፈሩን ይወቅሳሉ። ቀዩ አፈር ብረት የበዛበት ነውና አይፈረድባቸውም። ቀጥሎ ተረኛው ኮይሉ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ የሽቦ ጥቅል ነው፤ አዲስ መግዛት ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ለጥገና የመጣልኝን ማሽን ባለቤቱ «ኮይሉ ተቃጥሏል» ብሎ ደምድሞ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ሲወዛወዝ ይጮሃል፤ መሬት ላይ ሲያርፍ ዝም ይላል። የተቃጠለ ኮይል እንዲህ ጊዜ አይመርጥም። አንዴ እየተነካካ አንዴ እየተለያየ ያለ ሽቦ ጠባይ ነው።

የጓደኛውን ተመሳሳይ ኮይል ተውሰን ስንሰካ ማሽኑ ጸጥ አለ፤ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጤነኛ መሆኑን በዚህ አወቅን። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከስልክ ራቅ ብለን የራሱን ኮይል መለስን። ኮይሉን ሳላንቀሳቅስ ከእሱ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ገመድ ከታች ወደ ላይ በጣቴ እያጠፍኩ ሄድኩ። ገመዱ ሳጥኑ ላይ የሚሰካበት ስፒና አንገት ላይ ስደርስ ጮኸ። በቴስተርም አረጋገጥኩ። የእንዲህ ዓይነቱ ኮይል ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) በጣም ትንሽ ስለሆነ አስቀድሞ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አገናኝቶ የራሳቸውን ንባብ ይዞ ከውጤቱ መቀነስ ይበጃል። ቦታው ሳይታወቅ መቀስ ማንሳት ደህና ገመድ ማበላሸት ነው።

ስፒናውን ስፈታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነጭ ሲሊኮን ሞልቶታል። ውሃ እንዳይገባ ታስቦ የተደረገ ነው፤ ግን ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ መዳብ ይበላል። ገመዱን ጨምድዶ የሚይዘው ማሰሪያም ላልቷል፤ ስለዚህ ጉተታው ሁሉ ያረፈው በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ነው። አንዱ ከብየዳው ሥር ተበጥሶ፣ በፕላስቲክ ልባሱ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ ባትሪውን ነቅዬ፣ ገመዱን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆረጥኩት። ጠቁሮ የቀረ ሽቦ ብየዳ አይቀበልም። ከዚያ የስፒናውን ሽፋንና ሲሞቁ የሚኮማተሩትን ቀጫጭን ቱቦዎች በገመዱ ላይ አስቀድሜ አስገባሁ፤ ከብየዳ በኋላ የሚገቡበት መንገድ የለም። የመበየጃ ካውያው ሙቀት ፕላስቲኩን አለስልሶ ፒኖቹን እንዳያጣምም ስፒናውን ከአሮጌ ሶኬት ጋር ሰክቼ በየዳሁ። ከሁሉም በላይ የተጨነቅሁት የውስጥ ሽቦዎቹን ዙሪያ ከውጪ የኤሌክትሪክ ረብሻ ለሚከላከለው የተጠለፈ ሽቦ ነበር። ከእሱ አንዲት ክር ወጥታ የጎረቤት ፒን ብትነካ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጠምዝዤ በራሱ ቱቦ ሸፈንኩት። የብየዳውን ቅሪት በአልኮል አጽድቼ፣ ማሰሪያውን ሽቦዎቹን ሳይሆን የውጪውን ወፍራም ልባስ እንዲጨብጥ አድርጌ አጠበቅሁት።

ገመዱን ብናጥፈው፣ ብናወዛውዘው ድምፅ የለም። ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ አፈር ውስጥ ቀብረን ሳሳልፍበት ጥርት ብሎ ጮኸ። ባለቤቱ ገመዱን በዘንጉ ላይ ሲጠመጥም ግን እጁን ያዝኩት፤ ስፒናው ጋ ሳይወጠር ትንሽ ላላ ብሎ እንዲቀር አደረግን።